የሰው ወርቅ አያደምቅ



ቅዳሜና እሑድ በደረሰ ቁጥር የመኝታ ቤታችን ነዋሪ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንዱ «ቼልሲ» ሲል ሌላው «አርሰናል» ይላል፤ ክርክሩም ከእራት እስከ መብራት ማጥፊያ ይዘልቃል። ይህን አንነቅፍም፤ እኛም ከተከራካሪዎቹ መካከል ነንና። የሚያሳዝነን ግን የጎሉን ብዛት በቃላችን የያዝን ተማሪዎች «ክለቡ የማን ነው? ገንዘቡስ ከየት መጣ?» ብለን አለመጠየቃችን ነው።

እስቲ የቼልሲን ታሪክ እንመልከት፤ ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ1905 በለንደን የተቋቋመው ይህ ክለብ በ1982 ለአንድ ነጋዴ በ1 ፓውንድ ተሸጠ። በ2003 ደግሞ በዕዳ ተይዞ ሳለ፥ ሮማን አብራሞቪች የተባለ የሩሲያ ቱጃር ዕዳውን ጨምሮ በ140 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ገዛው። ከ1955 ወዲህ የእንግሊዝን ሊግ አሸንፎ የማያውቀው ክለብ በ2005 አሸነፈ፤ በአብራሞቪች ዘመን ሊጉን አምስት ጊዜ፥ የአውሮፓን ሻምፒዮና ዋንጫ በ2012ና በ2021 ሁለት ጊዜ ወሰደ።

ገንዘቡ የመጣው ከነዳጅ ነው። በ1995 የሩሲያ መንግሥት የሕዝቡን ሀብት ለጥቂቶች ባስተላለፈበት ጊዜ፥ ሲብኔፍት ከተባለው የነዳጅ ኩባንያ ግማሽ ያህሉ በ100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በአብራሞቪችና በባልንጀራው በቦሪስ ቤሬዞቭስኪ እጅ ገባ። በ2005 አብዛኛው ድርሻ ለመንግሥቱ ኩባንያ ለጋዝፕሮም ተመልሶ ሲሸጥ የተከፈለው 13 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። የነዳጅ ዋጋ መናሩን ብንቈጥር እንኳ፥ ልዩነቱ ከማን ኪስ ወጣ? በዚያ ዘመን ደመወዙንና ጡረታውን ሳያገኝ ወራት ይቈጥር ከነበረው ሕዝብ አይደለምን?

«ታዲያ ደጋፊው ምን ተጐዳ? ሰውዬው ያበደረውን 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ እንኳ ትቶ ሄደ» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እውነታቸውን ነው፤ አንክድም። ነገር ግን በአንድ ሰው ኪስ ላይ የቆመ ቤት ኪሱ በታሰረ ቀን ይታሰራል። በየካቲት 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች፤ መጋቢት ላይ የብሪታንያ መንግሥት የአብራሞቪችን ንብረት አገደ። ክለቡም ከንብረቱ አንዱ ነበርና አዲስ ትኬት እንዳይሸጥ፥ ሱቁ እንዲዘጋ፥ ከተጫዋች ጋር ውል እንዳይፈራረም ተደረገ። ወደ ሌላ ሜዳ ለመጓዝ የተፈቀደለት ወጪ በጨዋታ 20,000 ፓውንድ ብቻ ነበር። ደጋፊው ምን በደለ? በግንቦት ወር በቶድ ቦሊና በክሊርሌክ ኩባንያ የሚመራ ቡድን በ2.5 ቢሊዮን ፓውንድ ገዛው። ለጦርነቱ ጉዳተኞች ይሆናል የተባለውም ገንዘብ ከሦስት ዓመት በላይ በባንክ ታግዶ ቆየ። ደጋፊው ከአንዱ ከበርቴ እጅ ወደ ሌላው ተላለፈ።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ ግን ብዙ የማይነገርለት ሌላ ምዕራፍ አለ። የስታምፎርድ ብሪጅ ሜዳ መሬት የአብራሞቪች አልነበረም። መሬት ነጋዴዎች ሜዳውን ሊወስዱት ደርሰው ስለ ነበር፥ በ1993 ደጋፊዎች በትንንሽ አክሲዮን የሚገባበት ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1997ም መሬቱን ከክለቡ በተገኘ ብድር ያዘ። «ቼልሲ» የሚለው ስም እንኳ በዚሁ ማኅበር እጅ ነው፤ ክለቡ ሜዳውን ትቶ ቢሄድ ስሙን ይዞ መሄድ አይችልም። በ2011 ክለቡ መሬቱን መልሶ ለመግዛት ጠየቀ፤ የሚያስፈልገውን የሦስት አራተኛ ድምፅ ግን አላገኘም። የፈለገውን ተጫዋች ለመግዛት ያላቃተው ባለጸጋ፥ ተራው ሰው ተባብሮ የያዘውን መሬት ሊገዛ አልቻለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይህ ነው። በጀርመን አገርም ከጥቂቶች በቀር በክለቦች ውስጥ የድምፁ ብልጫ በአባላት እጅ እንዲሆን ደንብ ያስገድዳል።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ለለንደን አዝነን ብቻ አይደለም። የአገራችን ታላላቅ ክለቦችም አብዛኞቹ ከከተማ አስተዳደር፥ ከመሥሪያ ቤት ወይም ከድርጅት በሚቈረጥ በጀት ይኖራሉ፤ በጀቱ ሲዘገይ ደመወዝም ይዘገያል። ሩቅ ሳንሄድ፥ እኛስ? አምና ለቡድናችን መለያ መግዣ ደብዳቤ ይዘን የባለሀብት ደጅ ስንጠና ሰነበትን። ከየራሳችን ጥቂት ጥቂት ብር እናዋጣ ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም፤ እኛ ራሳችንም አላልንም።

ስለዚህ የማኅበራችን የስፖርት ኮሚቴ ከዘንድሮ ጀምሮ የአባላት መዋጮ መዝገብ እንዲከፍት፥ የተዋጣውም ሒሳብ በየወሩ በዚህ ጋዜጣ እንዲወጣ እናሳስባለን። መምህራኖቻችንም ቢጨመሩበት ደስ ይለናል። መለያው ርካሽ ይሆን ይሆናል፤ ነገር ግን ሰጪው ሲቈጣ ወይም ሲከስር ከላያችን የሚገፈፍ አይሆንም።