ሥነ ልቦናዊ ዘመቻ በፀረ ሽብር ትግል

ሥነ ልቦናዊ ዘመቻ የጠላትን፣ የደጋፊዎቹን ወይም የሕዝብን አመለካከትና ውሳኔ በመልእክት ለመለወጥ የሚደረግ የታቀደ ሥራ ነው። በፀረ ሽብር ትግል ዋና ዓላማው ታጣቂዎች ያለ ውጊያ መሣሪያ እንዲያስቀምጡ፣ አዳዲስ ሰዎችም እንዳይመለመሉ ማድረግ ነው።

የኡጋንዳ ምሳሌ

በጆሴፍ ኮኒ የሚመራው የጌታ ተከላካይ ሠራዊት በሰሜን ኡጋንዳ ሲዋጋ ብዙዎቹን ተዋጊዎቹን ያገኘው ሕፃናትን አፍኖ በመውሰድ ነበር። አዛዦቹም የሸሸ ሁሉ በመንግሥት እንደሚገደል ይነግሯቸው ነበር። ስለዚህ ዘመቻው በመጀመሪያ ማሸነፍ የነበረበት ይህንን ፍርሃት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ኡጋንዳ የምሕረት ሕግ አወጣች። በጉሉ ከተማ የሚገኘው ሜጋ ኤፍኤም ሬዲዮም «ድዎግ ፓቾ» (በአቾሊ ቋንቋ «ወደ ቤት ተመለስ») በተባለው ፕሮግራሙ የተመለሱ ታጣቂዎችን ድምፅ አስተላለፈ። ጫካ የቀሩት ጓደኞቻቸው እነዚህ ሰዎች አለመገደላቸውን ከራሳቸው አንደበት ሰሙ። ከ2011 እስከ 2017 የአሜሪካ ልዩ ኃይሎች የኡጋንዳን ጦር ሲያግዙ በራሪ ወረቀቶች ተበትነዋል፤ ከሄሊኮፕተርም በድምፅ ማጉያ የመመለስ ጥሪ ተሰምቷል።

የዘመቻው ወሰን

ውጤቱን ለብቻው መለካት አስቸጋሪ ነው። አንድ ታጣቂ እጁን የሚሰጠው በሬዲዮ ጥሪ ብቻ ሳይሆን በረሃብ፣ በወታደራዊ ጫና ወይም በቤተሰብ ናፍቆት ሊሆን ይችላል። ኮኒም ተልእኮው በ2017 እስኪያበቃ ድረስ አልተያዘም።

ትልቁ ችግር ግን የተስፋው ተአማኒነት ነው። በ2009 የተማረከው ቶማስ ክዎዬሎ ምሕረት ጠይቆ ሳይሰጠው ቀርቶ፣ በ2024 የኡጋንዳ ፍርድ ቤት የ40 ዓመት እስራት ፈረደበት። ሌሎች ከፍተኛ አዛዦች ግን ምሕረት አግኝተው ነበር። በ2015 እጁን የሰጠው ዶሚኒክ ኦንግዌንም በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት 25 ዓመት ተፈርዶበታል። ሁለቱም በልጅነታቸው ታፍነው የተወሰዱ ነበሩ።

ከባድ ወንጀል የተፈጸመባቸው ሰዎች ፍትሕ የመጠየቅ መብት አላቸው። ነገር ግን «ተመለሱ፣ አትነኩም» ከተባለ በኋላ ክስ ከተከተለ፣ ጫካ ያለው ታጣቂ ቀጣዩን ጥሪ አያምንም። በዚህ ምክንያት ጥሪው ምሕረቱ ማንን እንደሚያካትትና ማንን እንደማያካትት አስቀድሞ በግልጽ መናገር ይኖርበታል።