«ሲስተም የለም»፦ የዘመኑ «ነገ ና»!

በንጉሡ ዘመን ባለጉዳይ «ነገ ና» ይባል ነበር። በደርግ ጊዜ «ጓድ ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለ። በኢሕአዴግ ዘመን «ግምገማ ላይ ናቸው» ሆነ። አሁን ደግሞ ዘመኑ ሠለጠነና አንድ አጭር፣ የማይከሰስ፣ የማይመረመር መልስ ተገኘ፦ «ሲስተም የለም!»

«ነገ ና» ባዩ ሹም ቢያንስ ፊት ነበረው። ደጅ ይጠናል፣ አማላጅ ይላክበታል፣ ቢብስም ለበላዩ አቤት ይባልበታል። ሲስተም የሚባለው ጌታ ግን ደጅ የለው፣ ሽማግሌ አይሰማ! ባንክ ቤት ብትሄዱ «ሲስተም የለም»። ቀበሌ ብትሄዱ «ሲስተሙ ተጨናንቋል»። ሕዝቡም ለመደውና እንደ በረዶና እንደ ውርጭ የሰማይ ቁጣ አድርጎ መቀበል ጀመረ። እኛ ግን እንላለን፦ መጨናነቅ የሰማይ ቁጣ አይደለም። የሰው ሥራ፣ ይልቁንም ሰው ሳይሠራው የተወው ሥራ ነው።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ዕለት የሚሆነውን ልጅ ያስፈተነ ሁሉ ያውቀዋል። ድረ ገጹ ይጫናል፣ ይሽከረከራል፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቤተሰብ ሙሉ ስልክ ይዞ ያነጋል። በጎን አጭር መልእክትና ቴሌግራም ተከፍቷል ይባላል። ለመሆኑ የአንድ አገር መንግሥት የገዛ ልጆቹን ውጤት ለመንገር የባዕድ ኩባንያ ቴሌግራም ላይ ለምን ተደገፈ? በራሱ በር የሚያስገባው ቢሆን ኖሮ ነው?

የውጤቱን ክብደት ደግሞ ቁጥሩ ይናገራል። በ2014 የተፈተኑት 896,520 ነበሩ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ሆነ። በ2017 ከ585,882 ተፈታኞች ያለፉት 48,929 ናቸው፤ 8.4 በመቶ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ምናምኑ በሚወድቅበት አገር ያቺ አንዲት ቁጥር ዕድሜ ልክ ነች። እሷን ለማየት ሌሊቱን ሙሉ ማንኳኳት ግፍ አይደለም?

አሁን ከአራት ኪሎ እንውጣና ፍላቂት እንሂድ። ፍላቂት የት ናት ለሚል የአዲስ አበባ አንባቢ፦ ከወልድያ ተነስቶ ወረታ የሚገባው፣ ቻይኖች የሠሩት መንገድ ጋሸና ላይ ይደርሳል። ከጋሸና ወደ ሰሜን የታጠፈ ላሊበላ ይገባል፤ በዋናው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር የቀጠለ የመቄት ወረዳዋን ፍላቂትን ያገኛል። ደጋ ነው፣ ብርድ ነው። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ሲገባ ትምህርቱ የተቋረጠበት፣ ከዚያ ወዲያም ሰላም ያልሰነበተለት ልጅ የሚማርበት አገር ነው።

የዚህን ልጅ ነገር እናስበው። በእጁ ያለችው ስልክ የታላቅ ወንድሙ አሮጌ ስልክ ናት። መብራቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ኔትወርኩ ጋራ ላይ ሲወጡ ብቅ፣ ሲወርዱ ጥልቅ ነው። የገዛት ጥቅል እየተንጠባጠበች ታልቃለች። ቦሌ ያለው ተማሪ ድረ ገጹ እምቢ ሲለው ተኝቶ በማግስቱ ይሞክራል። የፍላቂቱ ልጅ ግን በከሸፈ ሙከራ ሁሉ ገንዘብ ይከፍላል። ላላገኘው አገልግሎት የሚከፍል ማን ነው? ድሃ!

«ተማሪው በአንድ ጊዜ ስለሚገባ ነው» ይሉናል። ሰዓቱን ያወጃችሁት እናንተ፣ የተፈታኙን ቁጥር የምታውቁት እናንተ! እስቲ ሒሳቡን በግምት እንሥራው። ተፈታኙ 600,000 ይሁን። ከእያንዳንዱ ጋር ሦስት ዘመድ ቢሞክር፣ ሁሉም በመጀመሪያው ሰዓት አምስት አምስት ጊዜ ቢጫኑ፣ 12 ሚሊዮን ጥያቄ ነው። በሴኮንድ 3,300 ያህል መሆኑ ነው። ሰርቨሩ በአንድ ጊዜ አሥር ጥያቄ ብቻ የሚያስተናግድ፣ ለእያንዳንዱም ዳታቤዝ በርብሮ፣ ገጹን አሰናድቶ ለመመለስ የሴኮንድ አንድ ሃያኛ የሚፈጅበት ቢሆን በሴኮንድ የሚሸኘው 200 ሰው ነው። ያን የአንድ ሰዓት ጥያቄ ለመጨረስ 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈልጋል! ለዚህ ነው ሲነጋ የሚከፈተው።

መድኃኒቱ ምንድነው? ሰርግ የደገሰች የወሎ እናት ታስተምራቸው። እንጀራው በዋዜማው ይጋገራል፣ ሌማት ላይ ይደረደራል፤ እንግዳ ዳስ በገባ ቁጥር ሊጥ አይቦካም። የፈተና ውጤትም እንደዚሁ ነው። አንዴ ከተለቀቀ ዛሬ 312 የሆነው ነገም 312 ነው። ታዲያ ለጠያቂው ሁሉ ዳታቤዙን እንደ አዲስ መበርበር ምን አመጣው? የእያንዳንዱን ልጅ ገጽ በዋዜማው አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ነው። ባለሙያዎቹ «ካሽ» እያሉ የሚያወሩት ነገር ይኸው ሌማት ነው። ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ትንሽ ገጽ አንስቶ መስጠት ብቻ ከሆነ ሥራው፣ አንድ ተራ ሰርቨር በሴኮንድ ብዙ ሺህ ሰው ይሸኛል።

«የውጭ ምንዛሪ የለም፣ መሣሪያ ውድ ነው» እንዳይሉን ደግሞ እንጨምርላቸው። የአንዱ ልጅ ውጤት አንድ ኪሎባይት ቢይዝ የ585,882ቱ ድምር 600 ሜጋባይት አይሞላም። የኢትዮጵያ ተፈታኝ ሁሉ ውጤት መርካቶ በሚሸጥ ተራ ፍላሽ ውስጥ ገብቶ ይተርፋል! ዳታቤዙም ቢሆን በመለያ ቁጥር ማውጫ ከተሠራለት ከ600,000 መዝገብ ውስጥ አንዱን ለማግኘት 20 ያህል እርምጃ ይበቃዋል። ማውጫ ከሌለው 600,000ውን አንድ በአንድ ያገላብጣል። ማውጫ ለመሥራት ዶላር አይጠየቅም፤ ማሰብ እንጂ።

ሁለተኛው ነገር የገጹ ክብደት ነው። ዛሬ 3 ሜጋባይት የሚመዝን ገጽ ብርቅ አይደለም፤ ተንሸራታች ፎቶግራፍ፣ የባለሥልጣን ምስል፣ አበባና ጌጥ። በሴኮንድ 100 ኪሎቢት በሚያሳልፍ ደካማ መስመር ይህ ገጽ ፍላቂት ለመድረስ አራት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ያውም መሀል ላይ ካልተቋረጠ። ስምና ነጥብ ብቻ የያዘ የ10 ኪሎባይት ገጽ ግን አንድ ሴኮንድ አይሞላም። ልጁ የመጣው ነጥቡን ሊያይ ነው፤ የሹሙን ፈገግታ ሊያይ አይደለም!

ሦስተኛው፣ ሰው መልስ ሲያጣ ደጋግሞ ይጫናል። በተጫነ ቁጥር አዲስ ጥያቄ ይገባል፤ ሰርቨሩም ተስፋ ቆርጦ ለሄደው ሰው መልስ ሲያሰናዳ ይውላል። ቦኖ ውሃ ላይ እንኳ ጀሪካን በተራ ይሰለፋል። «ተራዎ ደርሷል፣ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ይሞክሩ» የሚል ቀላል ወረፋ ማበጀት፣ ወይም ውጤቱን በክልል በክልል፣ በሰዓት ከፍሎ መልቀቅ ማንን ገደለ? ውጤቱን በአጭር መልእክት ልጁ ሳይጠይቅ ራሳችሁ ብትልኩለትስ? የየትምህርት ቤቱን ዝርዝር በዋዜማው ለርዕሰ መምህሩ ልካችሁ እንደ ድሮው ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍስ?

ገንዘብ ብቻውን እንደማያድን ከአሜሪካ መማር ይቻላል። ኦባማ የጤና ዋስትና መሸጫውን ሄልዝኬር ዶት ገቭ የተባለ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ሲያስከፍቱ የፈሰሰበት ገንዘብ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን የጨረሱት ግን ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ስድስት! ዋጋ ብቻ ለማየት የመጣውን ሁሉ «መጀመሪያ ተመዝገብ» ብለው በአንዲት ጠባብ በር አጎሩት። በቅጡም ሳይፈትኑት ነው የከፈቱት። ግን ልብ በሉ፦ ፕሬዚዳንቱ ወጥተው ተወቀሱ፣ ምክር ቤቱ ባለሥልጣናቱን ጠርቶ ጠየቀ፣ ባለሙያ ተጠርቶ በሁለት ወር ገደማ ተስተካከለ። እኛ ዘንድስ? ዓመት ጠብቆ ያው ነጭ ገጽ!

እዚህም ቢሆን ችሎታው የለም እንዳይባል ቴሌብርን እንይ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ሥራ ጀምሮ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አፍርቷል። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይሁን ሲባል መስመሩ ተዘረጋ። እሱም ይደናቀፋል፤ ሆኖም የሚሊዮኖችን ጥያቄ በየቀኑ የሚያስተናግድ ባለሙያና መሣሪያ በአገሩ እንዳለ ምስክር ነው። ታዲያ ለመሰብሰብ የሰፋው በር ለመስጠት ለምን ጠበበ? መልሱን ለአንባቢ ትተናል።

ተጠያቂነት ሲነሳ የሚያዝበትን አቅጣጫም አይተናል። በመጋቢት 2016 በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሲስተም ማሻሻያ ወቅት በተፈጠረ ስህተት ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ወጪ አደረጉ። ያልመለሱት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ሳይቀር ለሕዝብ ይፋ ሆነ። የሲስተሙን ስህተት የሠራው ሰው ፎቶግራፍ ግን ሲለጠፍ አላየንም!

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይኸ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። የ2015 ውጤት መስከረም 2016 ላይ «በድረ ገጽ ተመልከቱ» ተብሎ ሲታወጅ ፍላቂት፣ ጋሸና፣ ላሊበላ ኢንተርኔት በተዘጋበት ክልል ውስጥ ነበሩ። መስመሩን ቆርጦ «ድረ ገጽ ላይ ገብተህ እይ» ማለት እግር ቆርጦ «ሩጥ» ከማለት በምን ይለያል? የትኛውም ሰርቨር፣ የትኛውም ካሽ ይህን አይጠግንም። የማይጨናነቅ ሲስተም የሚጀምረው ከማይቆረጥ መስመር ነው።

ነገሩ ከተማሪ ውጤትም አልፏል። ፋይዳ መታወቂያ መጥቷል፤ ባንክ ሒሳብ ለመክፈት ይጠየቃል። በ2017 የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተከፍቶ «መሶብ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ስሙ ያምራል፤ ነገር ግን እንጀራው አስቀድሞ ካልተጋገረበት መሶብ ጌጥ ነው። የዜጋው መብት ሁሉ ወደ ሲስተም ሲገባ፣ የሲስተሙ በር የጠበበበት ዜጋ መብቱም ጠበበ ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን አጭር ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም የመንግሥት ድረ ገጽ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት በሚጠበቀው የሰው ብዛት ይፈተን፤ ውጤቱም ይነገረን። ሰው ሠራሽ ጥያቄ በሺህ እየላኩ የሚፈትኑ እንደ ጄሜተር ያሉ መሣሪያዎች በነፃ ይገኛሉ። ሁለተኛ፣ ፈተናው በአራት ኪሎ ፈጣን መስመር ሳይሆን በፍላቂት አሮጌ ስልክ ይሁን። ሦስተኛ፣ ሲስተም በወደቀ ቁጥር ለምን እንደወደቀ፣ ማን ኃላፊ እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽ። ላሊበላን የፈለፈሉት ጠራቢዎች ከጣራው ጀምረው ወደ ታች ነው የወረዱት፤ አንዴ በስህተት የተፈለጠ ዓለት ተመልሶ አይለጠፍምና አስበው መቱ። የእናንተ ዓለት እንኳ በየዓመቱ የሚታረም ነው። መጥኖ መደቆስ እያለ ድስት ጥዶ ማልቀስ እስከ መቼ?

መስከረም በጠባ ቁጥር ያው ሌሊት ይመጣል። የፍላቂት ልጅ ጋራ ላይ ወጥቶ፣ በመጨረሻዋ ጥቅል፣ አንዴ ይጫናል። ያቺን አንድ ጊዜ መልሱለት! ከዚያ ወዲያ «ሲስተም የለም» የሚል ሹም ካለ፣ የሌለው ሲስተሙ ሳይሆን እሱ ራሱ ነውና ወንበሩን ለሚሠራ ይልቀቅ!