ቍስል በውኃ ስለ ምን ያቃጥላል?

«ቍስል ውኃ ካገኘው ይመረቅዛል» የሚለው አባባል በብዙ ቤት ሥር የሰደደ ነው። የተነሣውም በግልጽ ከሚታይ ነገር ነው፤ ይኸውም ውኃ ቍስልን ሲነካው ስለሚያቃጥል ነው። እኛ ግን ማቃጠልና መጕዳት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ለአንባብያን ማስረዳት ይገባናል።

የላይኛው ቆዳችን በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ውፍረቱ የ1 ሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ሆኖም የነርቮችን ጫፍ እንደ ልብስ ሸፍኖ ይጠብቃል። ቆዳው ሲላጥ ጫፎቹ ያለ መከለያ ይቀራሉ። ከዚህም በላይ ከተጐዳው ሥጋ የሚመነጩ ንጥረ ነገሮች ነርቮቹን ከወትሮው ይልቅ ንቁ ያደርጓቸዋል፤ ስለዚህ በጤና ጊዜ የማያሳምም ንክኪ ያማል፤ ለብ ያለ ውኃም እንደ ፈላ ይሰማል። ሙቀትንና ንክኪን የሚቀበሉትን የነርቭ በሮች ላገኙት ለዴቪድ ጁሊየስና ለአርደም ፓታፑቲያን እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ተራ ውኃ የሚቈጠቍጥበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ከሰውነታችን ፈሳሽ ይልቅ ጨው ያንሰዋል። በአንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ላይ 9 ግራም ጨው ቢጨመር ማቃጠሉ የሚቀንሰው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ሕመሙ የዘበኛ ጩኸት ነው እንጂ የሌባ እጅ አይደለም። ቍስልን የሚያመረቅዙት በውስጡ የቀሩት እድፍና ተሐዋስያን ናቸው፤ ንጹሕ ውኃ ደግሞ እነርሱን ያስወግዳል። ማቃጠሉን ፈርቶ ሳያጥቡ ዐመድ ወይም እበት ማድረግ ግን ለመንጋጋ ቆልፍ በር መክፈት ነው።

በእኛ አስተያየት ይህን ትምህርት ለማስፋፋት መምህራንን የሚያህል የለም። በየትምህርት ቤቱ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ ሳሙናና ንጹሕ ጨርቅ ይዘጋጅ። ልጅ ወድቆ ጕልበቱ ሲላጥ «አያምህም» ብሎ ከማታለል፣ «ያቃጥልሃል፤ ነገር ግን አይጐዳህም» ብሎ እውነቱን መንገር ይሻላል፤ የተታለለ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ቍስሉን ይደብቃልና።

ውሻ የነከሰው ሰው ግን ውኃ እስኪፈላ እንኳ አይጠብቅ። ቍስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ወዲያውኑ ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያድን መድኃኒት የለውምና፣ ለጥቂት ደቂቃ ማቃጠል ተብሎ ሕይወት አይጣል።