ዜማው ይቆይ፣ ንባቡም ይሰማ

ዲያቆኑ የጳውሎስን መልእክት በግእዝ አንብቦ ወደ አማርኛው ሲሻገር በቅዳሴው መካከል የሚታይ ለውጥ አለ። ግድግዳ ተደግፈው የቆሙት ቀና ይላሉ፤ ልጇን ስታባብል የቆየችው እናት ጆሮዋን ትሰጣለች፤ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ ያሳረፉ አዛውንት አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። በአቃቂ ቃሊቲ ግን ያን ጊዜም ፊቱ የማይለወጥ ምእመን አለ። በገላን፣ በኮዬ፣ በቱሉ ዲምቱ ዙሪያ ካሉት የገበሬ መንደሮች የመጣ፣ በአፋን ኦሮሞ ያደገ፣ አማርኛን ለገበያና ለቀበሌ ጉዳይ ያህል ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ይጾማል፣ ያስቀድሳል፣ ልጁን ያስጠምቃል። የተነበበው ግን አልደረሰውም።

ይህ ሰው «ሥርዓት ይጠበቅ» እና «ዘመኑን እንዋጅ» በሚሉት ወገኖች ክርክር መካከል ተረስቷል። ሁለቱም አምልኮን ወይ እንዳለ የሚጠበቅ ወይ እንዳለ የሚታደስ አንድ ወጥ ነገር ያደርጉታል። በቅዳሴው ውስጥ ግን ወደ እግዚአብሔር የሚቀርብ አለ፤ ወደ ሕዝቡ ዞሮ የሚነገርም አለ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ፣ የ14ቱ ቅዳሴያት ሥርዓት፣ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ካልተሟሉ የማይገባው አገልግሎት መነካት የለባቸውም። ንባቡና ስብከቱ ግን ሰሚ እንዲሰማቸው የተሠሩ ናቸው፤ ሰሚው ካልሰማ ሥርዓቱ ራሱ ጎደለ ማለት ነው።

አማርኛውም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ አልነበረም። በአቡ ሩሚ የተተረጎመው ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የደከሙበት የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ታትሟል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስልሳ ዓመት እንኳ አይሞላም። ዛሬ አማርኛው በአዲስ አበባ ቅዳሴ ውስጥ «የአባቶቻችን ሥርዓት» ተብሎ ሲከበር፣ ኦሮምኛው ግን በብዙ አጥቢያዎች አሁንም እንደ እንግዳ ይታያል። ይህን የሚያስረዳ ቀኖና የለም፤ ልማድ ብቻ ነው።

ለ1,600 ዓመታት ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ጳጳስ ይልኩ የነበሩት ግብጻውያን ይህን ፈተና ቀድመው አልፈውታል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት ፓትርያርክ ገብርኤል ዳግማዊ፣ ሕዝቡ ቅብጥኛን እየረሳ ዐረብኛ መናገሩን አይተው ንባቡ በዐረብኛ እንዲሰማ ፈቀዱ። ቅብጥኛው ከዜማው አልወጣም፤ ዛሬም በካይሮ ይዜማል።

ከግብጽ ይልቅ ጃማይካ የበለጠ ታስተምራለች። ኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባ ላዕከ ማርያም ማንደፍሮ ወደ ካሪቢያን ተልከው ሲያገለግሉ፣ ግእዝም አማርኛም ለማያውቅ ሕዝብ በእንግሊዝኛ አስተማሩ። የቅዳሴው የእንግሊዝኛ ትርጉም ቀደም ብሎ በማርቆስ ዳውድና በብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ተዘጋጅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የቦብ ማርሌይ ሥርዓተ ቀብር በኪንግስተን ሲፈጸም ጸሎቱ በግእዝ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተሰማ። በዚያ ምክንያት ቤተ ክርስቲያኒቱ ተዋሕዶነቷ ጎደለ ያለ የለም። ታዲያ ለኪንግስተን ሰው የተገባው ለገላን ሰው እንዴት ይከብዳል?

የቋንቋው ጥያቄ ሲገፋ ምን እንደሚያመጣ በ2015 ዓ.ም. ታይቷል። ጥር 14 ቀን በሐሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ 26 መነኮሳትን ኤጲስ ቆጶስ ብለው ሾሙ፤ ካቀረቡት ምክንያት አንዱ ሕዝቡ በቋንቋው አለመገልገሉ ነበር። ጥር 18 ቀን ሲኖዶሱ አወገዛቸው። ምእመናን በጾመ ነነዌ ጥቁር ለበሱ፤ በሻሸመኔ የሰው ሕይወት ጠፋ። የካቲት 8 ቀን ስምምነት ሲደረስ በአፋን ኦሮሞ የሚሰጠው አገልግሎት እንዲጠናከር ቃል ተገባ። ሐምሌ 9 ቀንም ዘጠኝ ኤጲስ ቆጶሳት በሥርዓቱ ተሾሙ፤ አብዛኞቹ ለኦሮሚያ አህጉረ ስብከት ነበር።

የጥር 14ቱ ሹመት ቀኖና የጣሰ ነበር፤ ይህን ማለባበስ አይገባም። ይሁን እንጂ መንገዱ ስለተሳሳተ ጥያቄው አብሮ ይቀበር ማለት ሌላ ስሕተት ነው። የጳጳሳት ሹመት ከላይ ያለውን መዋቅር ያስተካክል ይሆናል። እሑድ ጠዋት ወንጌሉ በምን ቋንቋ ይነበብ የሚለው ግን የሚወሰነው በአጥቢያ ነው።

ወግ አጥባቂዎቹ የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ በር ሲከፈት ሌላው አብሮ ይከፈታል ብለው ይሰጋሉ፤ በመዝሙር ውስጥ ኦርጋን ሲገባ የተነሣውን ክርክር ያስታውሳሉ። በዚህ ነገር እውነቱ ከእነርሱ ጋር ነው። ወጣቱን ለመሳብ የገበያውን ሙዚቃ መከተል ዋጋ የለውም፤ ወጣቱ ያንን በየታክሲው ያገኘዋል። በገናን ተመልከቱ። በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ መሣሪያው ከጥቂት አዛውንት እጅ ያልወጣ ነበር፤ በደርግ ዘመንም ትምህርቱ ተቋረጠ። ዛሬ በአዲስ አበባ ከሥራ በኋላ በገና ተሸክመው ትምህርቱን የሚከታተሉ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ማንም አላቀለለላቸውም፤ አሥሩን አውታር እንዳለ ነው የሚማሩት። የፈለጉት አስተማሪ ነበር፤ እሱንም አገኙ።

ሰዓትም ይታሰብበት። በአቃቂ የፋብሪካ መንደር የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ጠዋት የሚወጣ፣ በእሑድም ዘብ የሚቆም ምእመን አለ። ቅዳሴ በሰዓት ጉዳይ ድሮውንም ግትር አይደለም፤ በጾም ወራት በሥራ ቀናት ከቀትር በኋላ ይገባል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ሰሙነ ሕማማት ለብዙው ሕዝብ በቴሌቪዥን ሲደርስም ሥርዓቱ አልፈረሰም። በችግር ጊዜ የተቻለው ለፈረቃ ሠራተኛም ይቻላል፤ የማታ ጉባኤውን ከፈረቃው ጋር ማስማማት ከባድ አይደለም።

ቅዳሴው ይረዝማል የሚለው ቅሬታ መልስ አለው። ሁሉንም ንባብ ሦስት ጊዜ መድገም አያስፈልግም፤ ጳውሎስ በግእዝና በአማርኛ፣ የሐዋርያት ሥራ በግእዝና በአፋን ኦሮሞ፣ ወንጌሉ ብቻ በሦስቱም ይነበብ። ምስባኩ በግእዝ ዜማው ይቆይ። ይህን የሚወስን አካልም አለ፤ በ1965 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ክርስቲያኒቱ ደንብ፣ ቃለ ዐዋዲ፣ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በሰበካ ጉባኤ አንድ ላይ ያስቀምጣል። ምእመናን ለአባልነት ሲመዘገቡ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን መጠየቅ ከአንድ መስመር በላይ አይወስድም። ከዚያ በኋላ በአቃቂ ቃሊቲ ያሉት አጥቢያዎች የሚጠበቅባቸው ከአጥር ግንባታውና ከድምፅ ማጉያው ግዢ በፊት፣ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ውስጥ የአንድ አፋን ኦሮሞ ሰባኪና የሁለት ዲያቆናት ደመወዝ ማስገባት ነው።