ከናፍታው ሞተር በፊት ካምቢዮው

የፒክአፑን የቤንዚን ሞተር አውጥቶ በናፍታ ለመተካት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው፦ ስንት ሲሲ ነው? ስንት የፈረስ ጉልበት አለው? ስንት ያወጣል? ካምቢዮው ግን የነበረው ይቀጥላል፣ አለዚያም የተገኘው ይገጠማል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። መኪናው ጭነቱን መጎተቱ፣ ናፍታ መቆጠቡና ዕድሜ ማግኘቱ በአብዛኛው የሚወሰነው በካምቢዮው ነው። ስለዚህ ለሞተሩ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ካምቢዮው መመረጥ አለበት።

ምክንያቱ ከሞተሩ ጠባይ ይነሳል። የቤንዚን ሞተር በደቂቃ ከ1,500 እስከ 5,000 ዙር ባለው ሰፊ ክልል ይሠራል። የጭነት ናፍታ ሞተር ክልሉ ጠባብ ነው። በአሜሪካ የዳቦና የመክሰስ ማከፋፈያ መኪኖችን ሲነዳ የኖረውንና ዛሬ የፒክአፕ ሞተር በሚቀይሩ ሰዎች ዘንድ ተፈላጊ የሆነውን ካሚንስ 4ቢቲን እንመልከት። ባለ 3.9 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ ቱርቦ ነው። የተለመደው ዓይነት 105 የፈረስ ጉልበት ብቻ ቢኖረውም፣ ቶርክ የሚባለው የማዞር ኃይሉ 1,600 ዙር አካባቢ ላይ 360 ኒውተን ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከ2,500 ዙር ብዙም ሳያልፍ የናፍታ ፓምፑ የዙር መቆጣጠሪያ (ጋቨርነር) ነዳጁን ይቀንስበታል። በደንብ የሚሠራው እንግዲህ ከ1,500 እስከ 2,500 ዙር ድረስ ነው።

ይህ በመንገድ ላይ ምን እንደሚያስከትል በወረቀት ማስላት ይቻላል። ዙሪያው 2.45 ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በደቂቃ 680 ጊዜ ያህል ይዞራል። የዲፈረንሻሉ ሬሾ 4.10 ከሆነ፣ አንድ ለአንድ በሆነው ማርሽ ሞተሩ ወደ 2,790 ዙር ማዞር አለበት። ለቤንዚን ሞተር ይህ ምንም አይደለም። 4ቢቲ ግን 2,500 ላይ ከቆመ መኪናው ከ90 ኪሎ ሜትር አያልፍም። አምስተኛ ማርሹ 0.73 የሆነ ካምቢዮ ሲገጠም ግን በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሞተሩ ዙር ወደ 2,035 ይወርዳል። ያው ሞተር፣ ያው ጎማ፣ ያው ዲፈረንሻል ሆኖ መኪናው ሌላ መኪና ይሆናል።

ፋብሪካዎችም ከዚህ ስሌት አላመለጡም። ዶጅ በ1989 ሞዴል ራም ፒክአፕ ላይ ባለ 5.9 ሊትሩን ካሚንስ ሲገጥም፣ አውቶማቲኩ ካምቢዮ ሦስት ማርሽ ብቻ የነበረውና ኦቨርድራይቭ፣ ማለትም ሬሾው ከአንድ በታች የሆነ ማርሽ፣ የሌለው ነበር። ስለዚህ ዲፈረንሻሉን 3.07 አደረጉት፤ ለባለ አምስት ማርሹ ማኑዋል ደግሞ 3.54 ሰጡት። ካምቢዮና ዲፈረንሻል አንድ ላይ ካልተመረጡ አንዱ የሌላውን ሥራ ያበላሻል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ጉዳይ በማርሽና በማርሽ መካከል ያለው ርቀት ነው። ለናፍታ ቅየራ ስሙ በብዛት የሚነሳው ኤንቪ4500 የተባለው ማኑዋል ካምቢዮ አምስት ማርሽ አለው፤ ሬሾዎቹም በዶጅ ናፍታ ላይ ከአንደኛው ጀምሮ 5.61፣ 3.04፣ 1.67፣ 1.00 እና 0.73 ገደማ ናቸው። በ2,500 ዙር ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ የቀየረ ሾፌር 1,370 ዙር ላይ ይወድቃል፤ ይህ ሞተሩ በደንብ ከሚሠራበት ክልል በታች ነው። ባለ ስድስት ማርሹ ኤንቪ5600 በዚያው ሥፍራ ከ3.38 ወደ 2.04 ስለሚያልፍ ዙሩ ከ1,500 አይወርድም። ክብደቱ ግን ከ150 ኪሎ በላይ ነው፤ ትንሽ ፒክአፕ ይህን መሸከም የለበትም።

የኢትዮጵያን ደጋ ለሚያውቅ አንባቢ በማርሾች መካከል ያለው ርቀት ይበልጥ ያሳስባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ ጉድለቱን የሚሞላው ዙር ሲያገኝ ብቻ ነው። ዳገት ላይ ጭነት ይዞ 1,300 ዙር ላይ የወደቀ ሞተር ጥቁር ጭስ እየተፋ ያቃስታል እንጂ አይጎትትም። ቁልቁለቱም የራሱ ጣጣ አለው። ናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚኑ አየር የሚዘጋ ስሮትል ስለሌለው የነዳጁ ፔዳል ሲለቀቅ መኪናውን ይዞ የማስቀረት አቅሙ ደካማ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ለሚወርድ ባለ ጭነት፣ ፍሬኑን ከመቃጠል የሚያድነው ተስማሚ ዝቅተኛ ማርሽ ነው።

ጥንካሬውንም ቢሆን የቶርኩ ቁጥር ብቻውን አይናገርም። የናፍታ ፍንዳታ ኃይለኛ ስለሆነ ዘንጉን በምት በምት ይመታዋል፤ አራት ሲሊንደር ሲሆን ምቱ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሚመጣ መናጡ ይብሳል። በዶጅ ናፍታዎች ላይ ኤንቪ4500 የታወቀበት ብልሽት ይህን ያሳያል። አምስተኛውን ማርሽ በዘንጉ ጫፍ ላይ የሚይዘው ትልቅ ዳዶ ቀስ በቀስ ይላላል፣ ማርሹም ወደ ኋላ ይሸሻል። አራቱ ማርሾች ሲሠሩ አምስተኛው ይጠፋል። በዝቅተኛ ዙር ከባድ ጭነት በአምስተኛ መጎተት ነገሩን ያፋጥነዋል። መፍትሔው ዳዶውን በማይላላ ዓይነት መተካትና አነዳድን ማረም ነው።

አውቶማቲክ ለሚፈልግ ደግሞ ዋናው ጉዳይ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ነው። ለቤንዚን ሞተር የተሠራ ኮንቨርተር በከፍተኛ ዙር እንዲይዝ የታሰበ ስለሆነ፣ ከናፍታ ጋር ሲገናኝ ይንሸራተታል፣ ዘይቱንም ያቃጥላል። ፓምፑ ሜካኒካል ለሆነ ሞተር ደግሞ ኮምፒውተር የማይጠይቅ ካምቢዮ ይመረጣል፤ ዶጅ በ1994 እና 1995 የተጠቀመበት 47አርኤች ለዚህ ተስማሚ ነው።

«ያለኝ ካምቢዮ ደህና ነው፤ ማያያዣ ሳህን ተሠርቶለት ይገጠማል» የሚለው ክርክር የገንዘብ ክርክር ስለሆነ በቀላሉ አይጣልም። ነገር ግን በካምቢዮው ማዕከልና በሞተሩ ዘንግ ማዕከል መካከል የሚፈቀደው ልዩነት ከአንድ አስረኛ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዓይን ተገምቶ የተበሳ ሳህን ኩሺኔቱን ይበላል፣ ፍሪሲዮኑንም ያንቀጠቅጣል። ጥሩ ሳህን፣ ቮላኖ፣ ፍሪሲዮንና የቶርነሪ ሥራ ሲደመሩ የተቆጠበው ገንዘብ ይጠፋል።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ የጎማዎን ዙሪያ ይለኩ፣ የዲፈረንሻሉን ሬሾ ይወቁ፣ የሚሄዱበትን ፍጥነትና የሚጭኑትን ክብደት ይጻፉ። ከዚያ ሞተሩን በሚመቸው ዙር ላይ የሚያቆየውን ካምቢዮ ይምረጡ። ሞተር ሲገዙም ከራሱ ካምቢዮ፣ ቮላኖ፣ ፍሪሲዮንና ሞተሪኖ ጋር የመጣውን ይፈልጉ። ሻጩ ሞተሩን ብቻ ነጥሎ በርካሽ ቢሰጥዎት፣ የቀረውን ዕቃ ዋጋ ሳይደምሩ አይክፈሉ።