ትልቅ ፓምፕ የሸጠ ሁሉ ሙቀት አልሸጠም

ንግድ የሚቆመው በሁለት እግር ነው፤ አንደኛው ገንዘብ፥ ሁለተኛው እምነት። ገንዘብ ቢጐድል ባንክ ያበድራል፤ እምነት ቢጐድል ግን የሚያበድር የለም። ይህ ለማንም ነጋዴ የተሰወረ ባይሆንም፥ የፓምፕና የሙቀት መሣሪያ ንግድ ዛሬም ብዙ ጊዜ በግምት ሲካሄድ ይታያል። ገዢው «ጠንከር ያለውን ስጠኝ» ይላል፤ ባለ ሱቁም ከመደርደሪያው ትልቁን ያወርዳል፤ ሒሳቡም ይከፈላል። የሁለቱም ኪሣራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ የሚሆነው በሰሜን አሜሪካ ብርዳም ክፍሎች፥ እንደ ሜኒሶታ፥ ዊስኮንሲንና ቬርሞንት ባሉት፥ ቤት ለማሞቅ የሚያገለግለው የእንጨት ቦይለር ነው። ቦይለሩ ከመኖሪያ ቤቱ ራቅ ብሎ በደጅ ይቆማል፤ በእንጨት እሳት የሞቀውም ውሃ በመሬት ውስጥ በተቀበረ፥ ሙቀት እንዳያባክን በተሸፈነ ቧንቧ ወደ ቤት ይገባል። የብዙዎቹ ቦይለሮች ውሃ ለአየር ክፍት ሲሆን፥ የቤቱ ውሃ ግን ታፍኖ በግፊት የሚዞር ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ሙቀቱ ብቻ እንዲሻገር፥ ሂት ኤክስቼንጀር የሚባለው ሙቀት መለዋወጫ በመካከላቸው ይገባል። ይህም የማይዝግ ብረት ስስ ሰሌዳዎች ተደራርበው የተሠራ ሲሆን፥ በሰሌዳው በአንዱ ገጽ የቦይለሩ ውሃ፥ በሌላው ገጽ የቤቱ ውሃ ያልፋል።

በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ባወጣውና ከ2020 ጀምሮ ባጠበቀው ደንብ መሠረት፥ አዲስ የእንጨት ቦይለር የጢሱ መጠን ተፈትኖ ካልተመሰከረለት ለገበያ አይቀርብም። ቦይለሩ በተለካ ቍጥር ሲሸጥ፥ ከጎኑ የሚቆመው ፓምፕ በግምት መሸጡ የሚያስገርም ነው።

ሙቀቱን የሚሸከመው ውሃው እንጂ የፓምፑ ጉልበት አይደለም። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ሙቀት አንድ ኪሎካሎሪ ነው። እንግዲህ በሰዓት 20,000 ኪሎካሎሪ፥ ማለት 23 ኪሎዋት ያህል የሚፈልግ ቤት፥ ውሃው በ10 ዲግሪ ቀዝቅዞ እንዲመለስ ከታሰበ፥ በሰዓት 2,000 ሊትር ይበቃዋል። ገዢው «ይበርታ» ብሎ 4,000 ሊትር የሚያዞር ቢወስድ፥ ቤቱ የሚፈልገው ሙቀት ያው ስለሆነ ውሃው በ5 ዲግሪ ብቻ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ውሃው ሲፈጥን ሰሌዳዎቹ ሙቀት የማሳለፍ ችሎታቸው በመጠኑ መሻሻሉ አይካድም። ነገር ግን በዚያው ቧንቧ ውስጥ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን የቧንቧው ተቃውሞ አራት እጥፍ፥ የሚጠየቀውም ጉልበት ስምንት እጥፍ ያህል ይሆናል። የፓምፑ ዋጋ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የመብራቱ ሒሳብ ግን በየወሩ ይመጣል።

አሳንሶ መግዛትም የራሱ ጉዳት አለው። በሰዓት 500 ሊትር ብቻ ቢዞር፥ ያንኑ ሙቀት ለማድረስ ውሃው 40 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት፤ በ80 ዲግሪ የወጣው በ40 ይመለሳል ማለት ነው። ከ60 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ውሃ ዘወትር ወደ ቦይለሩ ሲመለስ፥ የጢሱ እርጥበትና ቅጥራን በምድጃው ግድግዳ ላይ እየረጋ ብረቱን ይበላዋል።

ቤቱ አልሞቅ ሲል ባለቤቱ ወደ ሱቅ የሚመለሰው ትልቅ ፓምፕ ሊጠይቅ ነው። አስተዋይ ባለ ሱቅ ግን ከፓምፑ በፊት አራት ቴርሞሜትር ይሸጥለታል፤ እነርሱም በመለዋወጫው በአራቱ አፎች ላይ የሚታሰሩ ናቸው። የቦይለሩ ውሃ በ80 ዲግሪ ገብቶ በ78 ሲወጣ የቤቱ ውሃ ከ50 ካላለፈ፥ ፍሰት አልጐደለም፤ ጥፋቱ ከመለዋወጫው ነው። ወይ በዝገትና በደለል ተደፍኗል፥ ወይ ከመጀመሪያው አንሷል፥ ወይም ሁለቱ ውሃዎች በተቃራኒ አቅጣጫ መሄድ ሲገባቸው ባንድ አቅጣጫ እንዲሄዱ ተደርጎ ተገጥሟል። የቦይለሩ ውሃ በ80 ገብቶ በ45 ቢወጣ ደግሞ ፍሰቱ አንሷል፤ ያን ጊዜም ቢሆን አስቀድሞ የሚታየው ማጣሪያውና የቧንቧው ስፋት ነው፤ ፓምፑ የሚመረመረው ከነዚህ ቀጥሎ ነው።

በኢትዮጵያ ቤትን በእንጨት ቦይለር ማሞቅ የተለመደ አይደለም፤ ፓምፑና ሙቀት መለዋወጫው ግን ለወተት ማቀነባበሪያና ለሆቴል ሙቅ ውሃ ከውጭ የሚመጡ ዕቃዎች ናቸው። የአገራችን ባለ ሱቅ ፓምፕ ሲጠየቅ የለመደው መለኪያ «ስንት ፎቅ ያወጣል?» የሚለው ነው። ይህ ውሃ ወደ ጣሪያ ታንከር ለሚያወጣ ፓምፕ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ታፍኖ በሚዞር ውሃ ግን የሚወርደው የሚወጣውን ስለሚያግዘው፥ ፓምፑ የሚታገለው ከቧንቧው ተቃውሞ ጋር እንጂ ከፎቁ ቁመት ጋር አይደለም።

ከዚህም በላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ፥ ለአየር ክፍት የሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ፓምፕም ውሃ ከታች ስቦ የማንሣት ችሎታው በባሕር ዳርቻ ካለው ከሁለት ሜትር በላይ ይቀንሳል። በውጭ አገር ካታሎግ ላይ የተጻፈውን የመሳብ ልክ እንዳለ አምኖ የሸጠ ሰው፥ ፓምፑ እየጮኸ ሲበላሽ ወቀሳው የሚደርሰው ለእርሱ ነው።

«ገዢው የጠየቀውን መስጠት ነው እንጂ ማስተማር የነጋዴ ሥራ አይደለም» የሚሉ አይታጡም። ይህ አነጋገር የሚያዋጣው ለአንድ ቀን ሽያጭ ብቻ ነው። ዕቃው የመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የማይሆን ፓምፕ ከተገጠመ በኋላ የሚመልሰው ፋብሪካ አይገኝም። ስለዚህ አስመጪው ከእያንዳንዱ ፓምፕ ጋር፥ በምን ያህል ተቃውሞ ስንት ሊትር እንደሚያዞር የሚያሳየውን የፋብሪካ ሥዕል መጠየቅ ይገባዋል። ባለ ሱቁም ሳይሸጥ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ፦ የሚፈለገው ሙቀት ስንት ነው? የቧንቧው ርዝመትና ስፋት ምን ያህል ነው? የውሃው ሙቀት ስንት ዲግሪ ነው? ፓምፑ የሚቆመው ከውሃው በላይ ነው ወይስ በታች?

እነዚህን ጠይቆ አነስተኛውን ፓምፕ የሸጠ ነጋዴ በዕለቱ ጥቂት ትርፍ ቢቀርበትም፥ ገዢው በሚቀጥለው ዓመት ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል። ሳይጠይቅ ትልቁን የሸጠው ግን፥ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደ ተባለው ይሆንበታል።