ከቆላ ወደ ከተማ ለሚዛወሩ ወላጆች

በሽንፋና በመተማ ቆላ የሚኖር አባት ቤተ ሰቡን ወደ ጎንደር ለማዛወር ሲያስብ አስቀድሞ የሚቆጥረው ሰሊጡን ነው። ሰሊጥ ግን በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ይታጨዳል፤ ተራግፎ እስኪሸጥም ኅዳር ይገባል። ትምህርት ቤት ደግሞ በነሐሴ መዝግቦ በመስከረም ማስተማር ይጀምራል። ስለዚህ አዝመራው ሲገባ ልጁ ከትምህርቱ ይቀራል። እኛም ቦታ ሞልቶ በኅዳር ከበራችን የመለስነው ልጅ እስከ ዛሬ ይታወሰናል።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው። ቤት ከመከራየት በፊት ትምህርት ቤቱ ይጠየቅ፤ ሩቅ መንገድ ሕፃንን ያደክማል፤ በእንግሊዝ አገርም ተማሪ ሲቀበሉ ብዙ ጊዜ የቤቱን ቅርበት ይመለከታሉ። መልቀቂያውና የውጤት ካርዱ ትምህርት እንደ ተዘጋ ይወሰዱ። ስድስተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ያለ ልጅ ክልላዊ ፈተና ስለሚጠብቀው በዓመቱ አጋማሽ ባይነሣ ይሻላል። አባት ለአዝመራው ቢቀር፣ እናት ወይም አክስት ልጆቹን ይዛ በነሐሴ ትቅደም። ሰንበት ትምህርት ቤት ያለው አጥቢያም በአቅራቢያው ይፈለግ፤ ሆኖም ጢሞቴዎስ እምነቱን ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ እንደ ወረሰ አንርሳ።

ሰሊጥ በየዓመቱ ይዘራል፤ ያለፈ የልጅነት ዘመን ግን ዳግመኛ አይዘራም።